በባቄላ የተቆጠረው ዘፈን

አንድ ጠጅ ቤት ያለው ሰው ነበረ። ቆይ ወይንሐረግ፣ አታቋርጪኝ፤ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የከተማችን ሬዲዮ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆነሽ፣ ወረቀትሽን ታቅፈሽ መጥተሽ፣ «ጋሼ፣ የቅዳሜ ከሰዓቱን የድሮ ዘፈን ፕሮግራም ላንሣው ወይስ ይቀጥል? አንድ ሰው እንኳ አይደውልበትም፤ በዚያው ሰዓት የተፎካካሪያችን ስልክ ይጨናነቃል» ነው ያልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ጣቢያ ሸክላና ካሴት ሳገላብጥ ስኖር ይህን ጥያቄ ስንቱ አለቃ እንደጠየቀኝ ብነግርሽ ትደነግጫለሽ። ሰልችቶኛል፣ እውነቴን ነው። በይ ቁጭ በይና ስሚ።

ሰውዬው ጠጅ ቤቱን የከፈተው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በሚቆምባት አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ጠጁ ደህና ነው፣ እንደ ማንም ጠጅ። ቤቱን ቤት ያደረገው ግን አዝማሪው ነበር። ገበሬው እህሉን ሸጦ፣ አህያውን አስሮ ይመጣና አንድ ብርሌ ይዞ መደቡ ላይ ይቀመጣል። አዝማሪው መጀመሪያ ሲያስቃቸው፣ ሲነካካቸው ይቆያል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ ማሲንቆውን ቀስ አድርጎ እየገዘገዘ፣ በክረምት ወንዝ ስለወሰዳት ሙሽራ ረጅሙን ዘፈን ይጀምራል። ያን ጊዜ ቤቱ ጭጭ ይላል። ቅቤ ሻጮቹ ሳይቀሩ ቅላቸውን አዝለው በር ላይ ይቆማሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዉ እፎይ ይልና አንድ ብርሌ ይደግማል፤ ሳይመሽበትም ወደ አገሩ ይገባል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጠጅ ቤት ተከፈተ።

በቃ፣ ሰውዬው ዕረፍት አጣ። እጁ እዚህ ይቀዳል፣ ዓይኑ ማዶ ነው። የማን ቤት ደመቀ? የማን አዝማሪ ተወደደ? ይህን በርግጥ ካላወቅሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ታዲያ ምን ዘዴ አመጣ መሰለሽ? በአዝማሪ ቤት፣ ግጥም የመጣለት ጠጪ «ተቀበል!» ብሎ ይጮኻል፤ ግጥሙን ይወረውራል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜምለታል። ሰውዬው ይህን ያዘና «ተቀበል የተባለበት ዘፈን የተወደደ ነው፤ ያልተባለበት የተጠላ ነው» ብሎ ደመደመ። ዘበኛውን ባዶ ቅልና አንድ ቁና ባቄላ አስይዞ በር ላይ አስቀመጠው። አንድ «ተቀበል» በተሰማ ቁጥር አንድ ባቄላ ቅሉ ውስጥ ይገባል፤ ዘፈን ባለቀ ቁጥር ቅሉ ተገልብጦ ይቆጠራል። እግዜር ያሳይሽ እንግዲህ!

መቼም ቆጠራው ምን እንዳለ ትገምቻለሽ። አንድ የውዳሴ ዘፈን አለች፣ ሰባት ሆነው የሚመጡ የከተማ ሥራ ፈቶች እርስ በርስ የሚሞጋገሱባት፦

አንበሳው ወዳጄ ሲገባ በበሩ፣
እንኳን ሰው ተነሣ አግዳሚው ወንበሩ።

በዚች ዘፈን ቅሉ ግማሽ ድረስ ሞላ። በሙሽራዪቱ ዘፈን ግን አንድ ባቄላ አልገባም። ቤቱ ጢም ብሎ፣ ቅቤ ሻጮቹ በር ላይ ቆመው፣ አንድም ባቄላ የለ! ሰውዬው ቅሉን ዘቅዝቆ አራገፈው፤ እንደገና ዓይኑን አስጠግቶ ወደ ውስጥ አየ። አዝማሪውን ጠርቶም፣

«ይኼ የሙሽራ ነገር ቤቴን እየገደለብኝ ነው» አለው።

«ጌታዬ፣ ሰው ሲያዳምጥ እኮ አይጮኽም» አለ አዝማሪው።

«አንተ ዝፈን፤ ቆጠራውን ለእኔ ተው። ከዛሬ ጀምሮ የወንበሩን ነው የምትዘፍነው። ካልፈለግህ በሩ ያው።»

አዝማሪው ብዙ አልተከራከረም። ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቀለለና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ሰውዬው በማግሥቱ ጉሮሮው የሚፈጥን፣ ትከሻው የሚፈጥን ሌላ አዝማሪ ቀጠረ። ይባስ ብሎም ተቀበል ላለ ሁሉ አንድ ብርሌ በነፃ ይጨመርለት አለ። ሰባቱ ሰዎች ይህን ከሰሙ በኋላማ ምኑን ልንገርሽ። ግጥም መጣላቸው አልመጣላቸው፣ ተቀበል! ተቀበል! ቅሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ሰውዬውም ደስ ብሎት ሁለተኛ ቅል ገዛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ወረቀት ስላለ እንጂ፣ ያኔ ቢሆን ሞኝና ባቄላ ይሉት ነበር።

ገበሬዎቹስ? ገበሬዎቹ አንድ ሁለት ቅዳሜ ገብተው ተቀመጡ፣ ተያዩ፣ ወጡ። ሰውዬው ግን መደቡን መች ያያል? የሚያየው ቅሉን ነው፤ ቅሉ ደግሞ ሙሉ ነው። መደቡ ሳስቶ፣ ጠጁ እየተቀዳ ገንዘብ አልገባ ሲል ግን ጥርጣሬ ገባውና ዘበኛውን ማዶ ሰደደው፦ «ሂድና ምን እንደሚዘፍኑ ሰምተህ ና።» ዘበኛው ሄዶ ተመለሰ።

«አዲስ ዘፈን አምጥተዋል ጌታዬ፤ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ወዳጄ ሲገባ ወንበሩ ተነሣ ይላል።»

«አዎ! እሱን ነው የምንፈልገው! ከነሱ አፍጥነን እንዘፍነዋለን!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ይኼ እኮ የኛው ነው። የነሱ ዘበኛ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሲሰማ አይቼዋለሁ።»

«ዝም በል! ማዶ ከተዘፈነ የነሱ ነው፤ እንቀድማቸዋለን» አለ ሰውዬው። አየሽልኝ? የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የገዛ ዘፈኑን ከሰው እጅ ቀምቶ መልሶ ሊሰርቅ የሚሮጥ ሰው ግን ምን እንደሚባል እንጃ፣ ተረትም አልተገኘለት።

ቅዳሜ ሲሆን ዘበኛውን ማመኑን ተወና ራሱ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ገባ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? እነዚያው ሰባቱ! አሁን፣ አሁን ከእሱ ቤት የወጡት፣ አፋቸውን ያልጠረጉት፣ እዚያ ቆመው ተቀበል ይላሉ። በር ላይ ደግሞ የማዶው ዘበኛ ቅልና ባቄላ ይዞ ተቀምጧል። ከሰባቱ ሌላ ሰው የለም። ሰባት ሰው ሁለት ቤት ሲሞላ ከርሟል። የሚቀዳው ጠጅ ለሰባቱ በነፃ እየሄደ፣ ሌላው መደብ ባዶ፤ በዚህ ከቀጠለ ቤቱ ሊዘጋ እንደሆነ ሰውዬው ያን ጊዜ ገባው። ውጭ ወጥቶ አህያ እየነዳ የሚያልፈውን ገበሬ ያዘ።

«ወዳጄ፣ ድሮ እኔ ቤት ትመጣ አልነበረም? ምነው ቀረህ?»

«ጌታው፣ እኔ የምመጣው ዘፈን ለመስማት ነበር» አለ ገበሬው። «አሁን እዚያ ታች አህያ ማሰሪያው ጋ ነው የምንሰማው።»

አህያ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ፣ መቶ ይሁን ሁለት መቶ፣ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጧል። መሐል ላይ ያ ያባረረው አዝማሪ አለ። ሰውዬው በሰው መሐል እየተጋፋ ሄዶ ጆሮው ሥር ተንበረከከ።

«ተመለስልኝ። የፈለግኸውን ዝፈን። አንተ ካልተመለስህ ቤቴ መዘጋቱ ነው።»

አዝማሪው ሰውዬውን አየው፤ አሳዘነውም። «እመለሳለሁ ጌታዬ» አለው። «ይህንን ዘፈን ግን ዝም ብለው ተቀምጠው ይስሙልኝ። ሲያልቅ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ይኼው ነው። ሌላ ነገር አልጠየቀውም። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የሙሽራዪቱ ዘፈን ተጀመረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ቤቱ ውስጥ ሲዘፈን እሱ ሲቀዳ፣ ሲቆጥር፣ ሲቆጣ ነበርና ዘፈኑን ሰምቶት አያውቅም። አሁን ሰማው። እናቱ ትዝ አለችው፤ ዓይኑም እንባ ያዘ። ሙሽራዪቱ አንድ እግሯን ወንዙ ውስጥ ስታስገባ እሱም ትንፋሹን ዋጠ። እንባውን ሊጠርግ ቀና ሲል፣ የማዶው ባለ ጠጅ ቤት ከወዲያኛው በኩል በሰው መሐል እየተጋፋ ወደ አዝማሪው ሲመጣ አየ።

ቀደመኝ! አለ በሆዱ። ሌላ ነገር አላሰበም። ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ተነሣና በሜዳው ሙሉ ጮኸ፦

«ተቀበል!»

ማሲንቆው ቆመ። ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አየው። አዝማሪው ደጋኑን አንሥቶ ይዞ፣ «ምን ልቀበል፣ ጌታዬ?» አለው። ሰውዬው አፉን ከፈተ። ምንም የለውም። አንድ ስንኝ፣ አንዲት ቃል የለውም። ገበሬዎቹ «ኤጭ!» እያሉ አህዮቻቸውን ፈቱ። አዝማሪውም ማሲንቆውን ብብቱ ሥር አድርጎ ከገበሬዎቹ ጋር ቁልቁል ወረደ፤ ወደዚያች ከተማም አልተመለሰም። ሁለቱ ባለ ጠጅ ቤቶች ፋንድያው መሐል ቆመው ተያዩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ? አንቺ ነሽ። አትቆጪ! አለቃሽም ነው፣ ከአንቺ በፊት የነበሩትም ናቸው። በየቀኑ እየደወሉ «ለእከሌ፣ ለእከሊት ይድረስልኝ» የሚሉሽን ሰዎች ስም በቃልሽ ታውቂዋለሽ አይደል? የሞባይል ካርድ እየሸለምሽ ታስደውያቸዋለሽ፤ ስልኩን ዘግተው ወደዚያኛው ጣቢያ ይደውላሉ። እሱም ቆጥሮ ወረቀት ያወጣል፣ አንቺም ቆጥረሽ ታወጫለሽ። እሱ ያንቺን ዘፈን ሰምቶ ይደጋግመዋል፤ አንቺ የሱ መስሎሽ አሥር ጊዜ ታስገቢዋለሽ። ከተማው ሁለት ሬዲዮ አለው ይባላል፤ እኔ ግን ዘንድሮ አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቶኛል። አንቺ የሙዚቃ ኃላፊ ነሽ፤ ያን የቅዳሜ ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ሰምተሽዋል? አልሰማሽም። ፊትሽ ይናገራል።

«ግን ጋሼ፣ አንድም ሰው አይደውልም እኮ» ትይኛለሽ አሁንም። ወይ ጣጣ! ያ ፕሮግራም ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔን አንድ ቅዳሜ አምልጦኝ አያውቅም። የታመምሁ ጊዜ እንኳ ሬዲዮኑን ራስጌዬ አስቀምጠውልኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደውዬ አላውቅም። ምን ብዬ ልደውል? «እየሰማሁ ነው» ብዬ?