ሽማግሌ የላከችው ጥንቸል

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ፤ ግን ቀስ ብላችሁ፣ የዛሬዋ ባለታሪክ ጩኸት አትወድም።

ቅጠል ሲወድቅ እንኳ የምትባንን አንዲት ጥንቸል ነበረች። ጎረቤቷ አያ አህያ ደግሞ ደስ ባለው ቁጥር እያናፋ መንደሩን ያናውጣል። ቀስ በልልኝ ብላ ብትለምነው፣ «አንቺው ጆሮሽን አሳጥሪ!» ብሎ ሳቀባት።

«ጎጆዬንም አልለቅ፣ ጆሮዬንም አልቆርጥ» አለችና ውሻን፣ አውራ ዶሮንና ፍየልን ሽማግሌ አድርጋ ላከችበት። «እሺ ሳታሰኙት ከደጁ እንዳትነሱ፣ አደራ!»

ሽማግሎቹ አህያ ደጅ ተቀመጡ። ገና ጉዳዩ ሳይነሳ፣ ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ተጣሉ። ውሻው ሲጮኽ፣ ዶሮው ሲጮኽ፣ ፍየሉ «እኔ እበልጣለሁ!» ሲል ሰነበቱ። ጥንቸል ሁሉንም ትሰማለች፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ጎጆዋ ውስጥ ተቀመጠች።

በመጨረሻ አህያ እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወደ ጥንቸል መጣ።

«በፈጠረሽ፣ እነዚህን ሽማግሎች ከደጄ አስነሺልኝ! ከእንግዲህ ወንዝ ማዶ ተሻግሬ ነው የማናፋው። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ይኼን ሁሉ ጩኸት እንዴት ቻልሽው?»

«አንተው አስለምደኸኝ» አለችው።