እሳቱ ሰ ጎረቤቱን ያስፋቀ ዕለት

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ግማሹን ይሰማና ግማሹን ከራሱ ይጨምራል፤ ተረትም የሚበላሸው እንደዚያ ነው።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ሲያወራ፣ ዕቃውም ሁሉ ሲመልስ፣ የፊደል አገር አንዲት የፍየል ብራና ነበረች። ብራናዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ፊደላቱ ከነልጆቻቸው ተደርድረው ይኖሩባት ነበር። ከብራናዋ ሥር፣ መሬት ላይ፣ አንድ ሆዳም ከበሮ ተቀምጧል። ከከበሮው ኋላ የእመት አይጢት ጉድጓድ አለ።

በዚያች ብራና ላይ እሳቱ ሰ የሚባል አባወራ ነበር። ሁለት እግሩን አንፈራጦ የሚቆም፣ ቁጡ፣ እረፍት የሌለው። ሰው ሲጻፍ ይጠሩታል፣ ሰማይ ሲጻፍ ይጠሩታል፣ ሰኞ ሲጻፍ ይጠሩታል። ከእሱ በላይ፣ የረን ቤት አለፍ ብሎ፣ ንጉሡ ሠ ይኖራል። እሱ ደግሞ በአንድ እግሩ ቆሞ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲዘፍን ይውላል። ንጉሥ ሲመጣ ይነሣል። ንጉሥ ግን በየቀኑ አይመጣም።

የእሳቱ ሰ የመጨረሻ ልጅ ሶ ነው፤ የንጉሡ ሠ የመጨረሻ ልጅ ሦ ነው። አንዱ ሲጠራ ሁለቱም “አቤት” ይሉና ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን እመት አይጢት ብራናዋን ተንጠላጥላ ወጣች።

“ጌታዬ ሰ፣ እንዴት አደሩ?”

“ደኅና፣ እመት አይጢት። ተጨናንቀን አደርን።”

“ምነው? ላይኛው ቤት ያለው ሰውዬ ምን ይሠራል?”

“ድምፁ እንደ እኔ ነው።”

“እንደ እርስዎ ከሆነማ እርስዎ አሉ አይደል? አንድ ድምፅ ለሁለት አፍ ምን ያደርጋል? ሕፃናቱንስ አላዩም? የትኛው ሰ ነው፣ የትኛው ሠ ነው እያሉ እያለቀሱ እኮ ነው የሚማሩት።”

እሳቱ ሰ ሕፃናቱ ሲያለቅሱ አይቷል። አንዱማ እንባውን እሱ ላይ አንጠባጥቦ ሊያጠፋው ነበር።

“እውነትሽን ነው” አለ።

እውነቷን ነበር። እመት አይጢትን መፍራት ደግሞ እውነት ስትናገር ነው።

ብራና መፋቂያው ካራ ተጠራ። ሥራ አጥቶ ጥግ ላይ ሊዝግ ደርሶ ነበርና እየተንሸራተተ መጣ። “ማንን ልፋቅ?” አለ።

“ቆይ” አሉ አባ መቃ፣ ፊደላቱን ሁሉ የጻፉት ሽማግሌ ብዕር። “ብራና ሲፋቅ ይሳሳል። የሳሳ ብራና ደግሞ...”

“አባ መቃ፣ የሳሱስ እርስዎ ነዎት” አለ ካራ። ፊደላቱ ሳቁ፤ ምክሩም በሳቅ ውስጥ ጠፋ።

ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ንጉሡ ሠ ከነልጆቹ ተነቅሎ ወደ ታች ወረደ፤ ከበሮው ላይ አረፈ። ድም!

በማግስቱ እመት አይጢት አልፋው አ ጋ ሄደች። “ጌታዬ አ፣ አንድ ድምፅ ለሁለት አፍ ምን ያደርጋል?” ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ዓይኑ ዐ ድቡልቡል ነውና ብራናዋን ዳር እስከ ዳር ተንከባለላት፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ወደቀ። ድም!

ከዚያ ጸሎቱ ጸ ጋ ሄደች። ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ። ፀሐዩ ፀ ወረደ። ድም!

“ኧረ ምንድን ነው የሚዘንብብኝ?” አለ ከበሮ።

“ስደተኞች ነን፣ ጌታው” አለ ንጉሡ ሠ። “ማደሪያ ይኖራል?”

“ማደሪያ አለ። እንቅልፍ ግን የለም።”

እውነትም አልነበረም። ከበሮ በተናገረ ቁጥር ቆዳው ይነጥራል፤ ቆዳው በነጠረ ቁጥር እነሱም ይነጥራሉ። ቀን እስክስታ፣ ማታ እስክስታ። ዓይኑ ዐ ትከሻ ስለሌለው ሁለመናውን ይሰብቃል።

ላይ ቤት ግን ጭር አለ። እሳቱ ሰ እግሩን እንደ ልቡ ዘረጋ። ንጉሥ ሲመጣም አሁን የሚነሣው እሱ ነው፤ ደከመው። ሊተኛ ሲል ከታች ሳቅ ይሰማዋል፤ ከብራናዋ ጀርባ ደግሞ ቅርጥም፣ ቅርጥም የሚል ነገር አለ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ ሰ።

“ነፋስ ነው፣ ጌታዬ” አለ ነገሩ።

“ነፋስ ይመልሳል እንዴ?”

“ጨዋ ነፋስ ነው።”

እመት አይጢት ነበረች። ወፍራም ብራና ጥርሷን ያማታል፤ የተፋቀው ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ለሕፃናቱ ስታዝን የከረመችው ለዚህ ነው።

ሶ ጠዋት ጠዋት ይጣራል። “ሦ!” ይላል። አቤት የሚል የለም። አንድ ቀን ናፍቆቱ በዛበትና የረን ቤት ተሻግሮ፣ ጓደኛው ይኖርበት የነበረው ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ። ወለሉ ተቀደደ። ሶ በቀዳዳው ጠርዝ ተንጠለጠለ።

“አባዬ!”

እሳቱ ሰ ሮጠ። ደረሰ። ልጁን ሊይዝ ሲል ግን ያን ቀን ገና አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሁለት እግር አለው እንጂ እጅ የለውም።

“ሠ! ወንድሜ ሠ!” ብሎ ወደ ታች ጮኸ።

“ማን ልበል?”

“እኔ ነኝ፣ እሳቱ።”

“አንድ ድምፅ ይበቃል ተብሎ የለ? ራስህ ተጣራና ራስህ አቤት በል።”

“ሠ፣ ልጄ እየወደቀ ነው!”

ይህን ሲሰማ ንጉሡ ሠ መዝፈኑን ተወ። “ከበሮ፣ ሆድህን ንፋ” አለ።

ሶ ወደቀ። እመት አይጢት ከሥር አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሶ ግን ከበሮው ላይ አረፈ፤ ድም! ነጥሮ እስከ ግድግዳው እኩሌታ ወጣና ተመለሰ። እንደገና ድም! ቀዳዳውን በአናቱ ነካ አደረገና ተመለሰ። አይጢት ቸኮለች፤ ልትይዘው ከበሮው ላይ ወጣች።

“አንድ ላይ!” አለ ሠ። ንጉሡ፣ ዓይኑና ፀሐዩ አንድ ላይ ዘለው አንድ ላይ አረፉ። ድምምም! ሶና ሠ ተቃቅፈው ወደ ላይ ተስፈነጠሩ። እመት አይጢትም ተስፈነጠረች፤ በመስኮት ወጥታ ድመት ፀሐይ የምትሞቅበት ደጃፍ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ ያለውን ድመት ታውቃለች።

ሠ ልጁን ለአባቱ ሰጠ። በተዘረጉት እጆቹ የቀዳዳውን ጠርዞች ግራና ቀኝ ያዘና ስቦ አገናኛቸው። አባ መቃ ጅማት አስመጥተው ሰፉት። ካራ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ያን ቀን መዛግ ደስ አለው።

“እንግዲህ ልውረድ” አለ ሠ። “ጭፈራ አቋርጬ ነው የመጣሁት።”

“አትውረድ” አለ እሳቱ ሰ።

“ቆይቼ ምን እሠራለሁ?”

“ንጉሥ ሲመጣ ትነሣለህ።”

“ንጉሥ ካልመጣስ?”

እሳቱ ሰ የተሰፋውን ወለል በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። “ካልመጣ ቁጭ በል” አለ። “ለካ ቁጭ ብለህም ወለሉን ይዘህልን ነበር።”

ንጉሡ ሠ ሳቀ። ልጆቹን ጠራ፣ ዐን ጠራ፣ ፀን ጠራ፤ ከበሮ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው አነጠራቸው። ዐ ቤቱን ሁለት ጊዜ ስቶ የሰው ቤት ገባ።

ሕፃናቱ ዛሬም ያማርራሉ። “የትኛው ነው?” ሲሉ እሳቱ ሰ ይሰማና ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ “ሶ!” ብሎ ልጁን ይጣራል፤ ሁለት አቤት ይሰማል፤ ደስ ይለዋል።

ለዚህ ነው፣ ጎረቤቱን ያስፋቀ የገዛ ወለሉን ያሳሳል የሚባለው።

ተረቴ እዚህ ላይ ተሰፋ። ዳቦው ለእኔ፣ ፍርፋሪው ለእናንተ፣ ለአይጢት ግን ምንም።