ከባኞው ስር የተገኘው ምስማር

በግንብ በተከበበች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ አናጺ ሽማግሌ ነበሩ። በከተማዋ ካለው የጣውላ ወለል አብዛኛው የእጃቸው ሥራ ነው። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ምስማር ከመምታታቸው በፊት ጫፉን ሰም ያስነኩትና «ቢስሚላህ» ይላሉ። ሰሙ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ነው። ቢስሚላውን አንባቢ ያውቀዋል። ሰሙን ግን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ኸይረዲን የተባለ ነጋዴ ፎቁ ላይ ከባድ የብረት ባኞ ነበረው። ከዓመታት በኋላ በባኞው ዙሪያ ያለው ወለል አበጠ፣ ሲረግጡትም ይሰምጥ ጀመር። ኸይረዲን ጥፋቱን የጣለው ቤቱን ዘጠኝ ዓመት ባገለገለችው ዘምዘም በምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ላይ ነው። ስታጥብ ውሃ ታፈሳለች ብሎ አሰናበታት። ይባስ ብሎ በየተቀመጠበት «ስሟ እንደ መካው ምንጭ ዘምዘም፤ በረገጠችበት ሁሉ ውሃ ይፈልቃል» እያለ አሳቀባት። ቀልዱ ከእሷ ቀድሞ በየቤቱ ገባ። ሥራ ልትጠይቅ በሄደችበት ሁሉ ሰው ፈገግ እያለ በሩን ዘጋባት።

ወለሉን እንዲጠግኑ የተጠሩት ሐጂ ጀውሀር ናቸው። የሚስታቸው ወንድም አብዱልዋሲዕ፣ እሱም አናጺ፣ አብሯቸው መጣ። ኸይረዲን ባኞው ሳይነሳ ዳር ዳሩ ብቻ እንዲቀየር ፈለገ። ሐጂ አንዱን ጣውላ ፈንቅለው ገለበጡትና እምቢ አሉ። ከላይ ውሃ የፈሰሰበት እንጨት እኮ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ፊቱ ነው። የዚህ ግን ፊቱ ደህና ሆኖ ጀርባው አልቋል። ውሃው የመጣው ከስር ነው ማለት ነው።

አራት ጎረምሶች ተረባርበው ባኞውን ወደ ጥግ ገፉትና ወረዱ። ሁለቱ አናጺዎች ጣውላውን ሲያነሱ ከስሩ ቱቦ፣ ቱቦው ላይ የተሰካ፣ ዝገት የበላው ምስማር ተገኘ። ምስማሩ ላይ ሰም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህንም ቤት ወለል ከዓመታት በፊት የሠሩት ሐጂ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሳያውቁ ቱቦውን ወጉት። ቀዳዳውንም ራሱ ምስማሩ ደፈነው፤ ስለዚህ ጠብታ አልወጣም። ዝገት ምስማሩን ሲያሳሳው ግን ውሃው መንገድ አገኘ።

አብዱልዋሲዕ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አላህ ሰታር ነው። እሱ የሸፈነውን አንተ አትግለጥ» አላቸው። ቀላል ክርክር አይደለም። ነውርን መሸፈን፣ ሰትር፣ በዲናችን የተወደደ ነው፤ የራስን ወንጀል አደባባይ ማውጣትም ይጠላል። ደግሞስ ይህ ቢሰማ በየቤቱ የሐጂን ወለል በሙሉ ልቡ የሚረግጥ ማን ይኖራል? ሽማግሌው ምስማሩን ከቱቦው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት በኋላ ሰው ጫማውን ሲያደርግ መስጊዱ በር ላይ ቆመው ምስማሩን አሳዩ። የኸይረዲንን ወለል ያበሰበሰው የእሳቸው ምስማር እንደሆነ፣ ዘምዘም አንዲት ጠብታ እንዳላፈሰሰች ተናገሩ። የራሳቸው ምስማር ያበላሸውንም ያለ ዋጋ እንደሚጠግኑ ጨመሩ።

ኸይረዲን አንገቱን ደፍቶ ወደ ዘምዘም ቤት ሄደ፤ አውፍ ብላ ይቅር እንድትለውና እንድትመለስ ለመናት። እሷም «ለመምጣቱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን ቀልድህን የነገርክበት ቤት ሁሉ እየዞርክ መልሰው» አለችው። ሦስት ቀን ዞረ። በአራተኛው ቀን ተመለሰች።

ሐጂንም ቀልድ አልቀረላቸውም። መዶሻ ባነሱ ቁጥር «ሐጂ፣ ቱቦውን አዩት?» ይሏቸዋል፤ አብረው ይስቃሉ። አዲሱን ወለል ጨርሰው ባኞው ቦታው ሲመለስ አብዱልዋሲዕ «ሰትርን ለምን ናቅከው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሰትር ልብስ ነው» አሉ ሐጂ። «ልብስ ደግሞ ከሌላ ሰው ገላ ተገፎ አይለበስም።»

እኔ ይህን ሳስበው የሚገርመኝ ምስማሩ ነው። ቀዳዳውን የፈጠረውም እሱ፣ ለዓመታት የደበቀውም እሱ። የእኛም ጥፋት አንዳንዴ እንዲሁ ራሱን ደፍኖ ይቀመጣል፤ እኛም አላህ ሸፈነልን ብለን እናመሰግናለን። በእኔና በጌታዬ መካከል ያለውን እሱ ይሸፍንልኝ። ነገር ግን የእኔ መሸፈን አንዲትን ሴት ከበር በር የሚያንከራትት ከሆነ፣ ያ ሰትር ሳይሆን የእሷ ልብስ ነው። ልመልስላት ይገባል።