የማይረግፍ ድንጋይ

«አንድ ሰው ነበረ» አሏት የነፍስ አባቷ መምሬ ውብሸት።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። ትርንጎ ያኔ ገና ለጋ እናት ነበረች፤ ባሏን ደምሰውን ከቀበረች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቶታል። ለለቅሶ የመጣ ሁሉ ጆሮዋ ሥር «ጠንክሪ፤ ለልጅሽ ስትይ ጠንክሪ» ይላት ነበርና ቃሉን እንደ መሐላ ያዘችው። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ እሷ ልጇን አቅፋ በደረቅ ዓይን ተቀመጠች። እርሟን ሳታወጣ ቀረች። ሰውም «ወይ ጉድ፣ ብረት ናት!» አለ።

አንድ ቀን የልጅቱ ጣት በር መሐል ገብቶ ጥፍሯ ጠቆረ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ የእናቷን ፊት ቀና ብላ አየችና «እማ፣ አላለቀስኩም አይደል?» አለቻት። ትርንጎ ያንን ቃል መሸከም ቢያቅታት ወደ መምሬ ሄደች።

«የጠነከርኩት ለእሷ ብዬ ነበር» አለቻቸው። «እሷ ግን የአባቷን ስም አታነሳ፣ ከልጆች ጋር አትጫወት። ሳቅፋት እንኳ እንደ እንጨት ትሆንብኛለች። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት፣ አባቴ?»

መምሬ ተረቱን ከዚያ ነው የጀመሩት።

«አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው፤ ማጭድ የሚሠራበት ትልቅ ቤት ነበረው። አንጥረኞቹ ብረቱን በእሳትና በውኃ አጠንክረው ያወጡታል፤ ከዚያ በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ስለት ያወጡለታል። ድንጋዩ ታዲያ በሳለ ቁጥር ይረግፋል። ባለጸጋው ከሥሩ የተከመረውን ብናኝ እያየ፣ ‹ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ ደረቅ ዳቦ? ከብረቱ በፊት እሱ አለቀ እኮ!› ይላል።

«ድንጋይ ወደሚሸጥ ነጋዴ ሄደና ‹ከሁሉ ጠንካራውን፣ የማይረግፈውን ስጠኝ› አለው።

«‹የምትስለውስ ምን ዓይነት ብረት ነው?› አለ ነጋዴው።

«‹ጠንካራ ነዋ! የእኔ ብረት ቀልድ አያውቅም።›

«‹እንግዲያ ለአንተ የሚሆነው ቶሎ የሚረግፈው ነው። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ድንጋዩ የሚረግፍ ይሁን።›

«ባለጸጋው ሳቀ። ‹ቶሎ አልቆብኝ ቶሎ እንድመለስልህ ነው? ወዳጄ፣ ይሄን ለሌላ ጅል ንገረው!› ብሎ ጠንካራውን አስጭኖ ሄደ።

«እውነትም ድንጋዩ አልረገፈም። ሲውል ሲያድር ፊቱ እንደ መስታወት አበራ። ባለጸጋው እየዳሰሰ ያደንቀዋል። ማጭዱ ግን አልሳል አለ። ‹ጫን አድርጉት!› አላቸው። ጫኑት። የእሳት ፍንጣሪው ቀርቶ ጢስ ወጣ፤ የማጭዱ ጠርዝ ሰማያዊ ሆነ። ከሠራተኞቹ አንዱ ‹ጌቶች፣ ብረቱ መልኩ ተለወጠ› ቢለው፣ ‹ታዲያ አማረበት! የሙሽራ ማጭድ መሰለ› ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ። ማጭዶቹም ገበያ ወጡ።

«ከገዙት መሐል አንድ ገበሬ ነበረ። ገብሱ ደርሷል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ከሚስቱ ጋር ማሳ ወርዶ ጥቂት እንዳጨደ የማጭዱ ስለት እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። በድንጋይ ቀጥቅጦ አቃናው፤ መልሶ ታጠፈ። የሚስቱም እንደዚያው። በመጨረሻ ማጭዱን ጥለው በእጃቸው ይነጩ ጀመር፤ መዳፋቸው እስኪደማ ነጩ። በረዶው ግን አልጠበቃቸውም። ሲያባራ ማሳው ከብት የዋለበት ጭቃ መስሎ ነበር።

«ገበሬው ባለጸጋው ደጅ መጣ። አልጮኸም። ‹ጌታዬ፣ ማጭድዎን መልሻለሁ። ገብሴን ግን ማንን ልጠይቅ?› አለ።

«ባለጸጋው በንዴት ወደ ነጋዴው ገሰገሰ። ‹ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የሸጥክልኝ? እንኳን ሊረግፍ ቅንጣት አልጎደለውም፣ ማጭዴን ግን አበላሸው!›

«‹እሱ ነው ያበላሸው፣ አለመርገፉ› አለው ነጋዴው። ‹ድንጋይ የሚስለው በቅንጣቱ ነው። ቅንጣቱ ሲዶለዱም ይረግፋል፣ ከሥሩ ሌላ ስለታም ይወጣል። የአንተ ዶልዱሞ እንደተጣበቀ ቀረ። ዱልዱም ድንጋይ አይስልም፤ ያሻል። ሲያሽ ያግላል፤ የጋለ ብረት ደግሞ ጥንካሬው ይሞታል።›

«ባለጸጋው ማጭዶቹን ከየገበሬው ቤት ለቅሞ ለአንጥረኞቹ ሰጠ። እንደገና እሳት ገብተው፣ ውኃ ተነክረው ጥንካሬያቸው ተመለሰ። ገብሱ ግን በወደቀበት ቀረ።»

መምሬ ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ትርንጎ መለሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ድንጋዩ አንቺ ነሽ፤ ብረቱ ልጅሽ ናት። እንባሽ በጊዜው ረግፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከሥሩ የምታጽናና እናት ትወጣ ነበር። አልረገፍሽም፤ ዶለዶምሽ። እሷም አንቺን ተጠግታ ስትታሽ፣ ስትቃጠል ከረመች። ሰው ‹ብረት ናት› ሲልሽ እንደዚያ ድንጋይ አበራሽ፣ ምስኪን። ለልጅ ብሎ መጠንከር እንዳለ ሁሉ፣ ለልጅ ብሎ መርገፍም አለ።»

ትርንጎም ጠየቀች፦ «የተቃጠለው ይመለሳል፣ አባቴ?»

«ማጭዱ ተመለሰ አልኩሽ እኮ።»

«ገብሱስ?»

«ልጅሽ የምታለቅስበት ጉያ አጥታ ያሳለፈችው ዓመት፣ እሱ ገብሱ ነው። አልዋሽሽም፤ አይመለስም። አሁን ሂጂ። እሷን አልቅሺ አትበያት። አንቺ እርምሽን አውጪ።»

ትርንጎ ቤቷ ስትደርስ ልጅቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ከጫማዋ ማሰሪያ ጋር ትታገላለች። እናቷ አጠገቧ ተንበረከከችና ማሰሪያውን ተቀበለቻት።

«አባትሽ ሁለት ጊዜ ነበር የሚቋጥርልሽ» አለች፤ «ደምሰው...»

እንባዋ ልጅቱ ጉልበት ላይ ጠብ አለ። ልጅቱ ደንግጣ ቀና አለችና የእናቷን ፊት አየች። ትርንጎ እንደ ልማዷ ቶሎ ለመጥረግ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

ከዚያ ለቀቀችው።