የተርቡ ስም

ጭቃ ሹም ወንድይራድ የአንዲትን ባልቴት የጎመን ጓሮ ከተመኙት ቆይተዋል። አንድ ቀን ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና ወገበ ቀጭን፣ ጥቁር ተርብ ግድግዳዋ ላይ ጭቃ ሲለጥፍ አዩ።

«የዚህን ስም ንገሪኝ» አሏት። «በጓሮሽ የሚኖረውን ካላወቅሽ ጓሮው ያንቺ አይደለም። ተርብ ነው ብቻ ብትዪኝ አልቀበልም!»

ባልቴቷ ሌላ ስሙን ሰምታ አታውቅም፤ ንቀታቸው ግን አንገበገባት።

«እንዴት አላውቀው ጌታዬ! ማር አይሠራ፣ ሰም የለው። ሳይጠሩት የሰው ጓሮ ገብቶ ያገኘውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ያግዛል፤ ተው ሲሉት ይነድፋል። እኛ ድሆቹ ጭቃ ሹም እንለዋለን።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጭቃ ሹሙ «ተሳስተሻል» ሊሉ አሰቡና፣ ምኑ ላይ እንደተሳሳተች ማስረዳቱ ቢጨንቃቸው በቅሏቸውን አስመጥተው ሄዱ።