ጭላዳው፣ ትራይፖዱና የማዶው ዋልያ

አንድ ጊዜ፣ በስሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ፣ ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሽማግሌ ጭላዳ ይኖር ነበር። ዋልያ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ አብረው ሣር ግጠው፣ አብረው ፀሐይ ሞቀው አደጉ። ኋላ ግን ሁለቱን ተራሮች የሚያገናኘውን መተላለፊያ ናዳ ይዞት ወረደ፤ ዋልያም ማዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጭላዳ ወዳጁን የሚያየው ከሩቅ እንደ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አሞራ መጥቶ፣ «ዋልያ ሣር ስላለቀበት ነገ ወደ ተራራው ጀርባ ሊሄድ ነው» አለው።

ጭላዳ ልቡ ተሸበረ። ከመሄዱ በፊት ፎቶ ሊያነሳው፣ ሩቁን የሚያቀርበውን የካሜራውን ረጅም ሌንስ አወጣ። በወጣትነቱ እንደ ላባ ያነሳው የነበረው ሌንስ ዛሬ ድንጋይ ሆነበት፤ አስተካክሎ ሊይዘው አልቻለም። ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ትራይፖድ ፍለጋ፣ ከጎረቤቱ ከአህያ ጋር ወደ እመት ቀበሮ ሱቅ ሄደ።

ቀበሮ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ትራይፖድ አቀረበች። «አያ ጭላዳ፣ ይኼ ለእርስዎ ዕድሜ የተሠራ ነው! ቀላል፣ ደግሞም ረጅም!»

ጥግ ላይ እግሩ የወፈረ፣ አቧራ የለበሰ ሌላ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው መያዣ ሌንስን አንጠልጥሎ እንደ ዥዋዥዌ በቀላሉ የሚያወዛውዝ ነው።

«እሱስ?» አለ ጭላዳ።

«እሱማ ወገብ ይቆርጣል!»

ጭላዳ ቀጭኑን ይዞ ተመለሰ። አፋፉ ላይ አቁሞ ሲያነጣጥር ነፋስ ተነሳ። ማቆሚያው ተርገፈገፈ፤ አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መያዣ ክብደቱን መሸከም አቅቷት ሌንሱ በአፍጢሙ ተደፋ። አህያ የካሜራውን ማንገቻ በጥርሷ ባትይዘው ኖሮ ገደል ገብቶ ነበር። የተነሳውን ፎቶ ቢያዩት የተደበላለቀ ግራጫ ብቻ ነው።

ጭላዳ አቀረቀረ። «የዋልያ ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ ፊቱ ግን ጠፋብኝ እኮ» አለ።

አህያም፣ «ያንን ወፍራሙን እናምጣ» አለች።

«ይኼን ሁሉ ዳገት ማን ይሸከመዋል?»

«እኔ ነኛ!»

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ቀበሮ ፊቷን አጨማድዳ ለወጠችላቸው። በማግስቱ ማለዳ አህያ ላብ በላብ ሆና አፋፉ ላይ አደረሰችው። እግሮቹን ዝቅ አድርገው በሰፊው ተከሉት። ነፋሱ ቢነፍስ ቢያጓራ ንቅንቅ አላለም፤ ሌንሱም ጭላዳ ወደመራው ሁሉ በልስላሴ ዞረ።

ጭላዳ በሌንሱ ወደ ማዶ አሻግሮ ተመለከተ። ጢሙ የነጣ፣ ጉንጩ የጎደጎደ አንድ ሽማግሌ ዋልያ ማዶ አፋፍ ላይ ቆሟል። አይግጥም፣ አይንቀሳቀስም፤ ወደዚህ ወደ ጭላዳ አቅጣጫ ትክ ብሎ ያያል።

«አህያዬ፣ ነይ እዪ!» አለ ጭላዳ። «እሱም እኔን እየፈለገኝ ነው!»

ፎቶውን አነሳ። ዋልያ ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ከተራራው ጀርባ ተሰወረ።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደውን ነገር የምናስደግፍበትን ስንመርጥ ለመያዝ የሚቀለንን ሳይሆን ነፋስ ሲመጣ የሚጸናልንን ማየት እንዳለብን ነው።