ቢላዋ ያነሣችው አንጓች

ተረት ተረት!
የላም በረት!
አይ፣ ዛሬስ በረቱ የላም አይደለም፣ የአውራ ዶሮ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖር ነበር። ጎበዝ ነበረች ስላችሁ! እንጨቷን ትፈልጣለች፣ አጥሯን ታጥራለች፣ ጅብ ሲመጣ ዱላ ይዛ ትወጣለች። አንድ ነገር ብቻ አይፈቀድላትም ነበር። ዶሮ ማረድ። በዚያ አገር ሴት ያረደችው እርም ነው፣ አይበላም ይባል ነበራ።

ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር አንጓች አውራ ዶሮዋን ታቅፋ፣ ቢላዋዋን ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች። ወንድ ሲያልፍ፦ «ወንድም ዓለም፣ እባክህ ባርክልኝ» ትላለች። አንዱ «ገበያ ረፈደብኝ» ይላታል። አንዱ ስቆባት ያልፋል። ፀሐዩ አናቷን ይበሳታል፣ ዶሮው ክንዷን ይቧጭራታል።

በመጨረሻ የሚመጣው ጎረቤቷ ጎሹ ነበር። ጎሹ ያርድላታል። ከዚያም ወጡ ሲደርስ ይመጣና ፈረሰኛውን፣ ያንን ደህናውን የደረት ሥጋ፣ ለብቻው ይበላል። በልቶም ጢሙን እየጠረገ፦ «አንጓች፣ ለምን አታገቢኝም? ቤትሽ ቢላዋ የሚይዝ ያገኝ ነበር» ይላታል።

እሷም፦ «ለቢላዋ ብዬ ባል አላገባም!» ትለዋለች። አበጀሽ!

አንድ ዓመት የማርያም ማኅበር ተራ እሷ ጋ ደረሰ። ጎሹ ይህን ሰማና ወንዶቹን ሁሉ ዞረ።
«ማንም እንዳያርድላት። ወይ ታገባኛለች፣ ወይ በማኅበርተኛው ፊት ታፍራለች!» አለ።

ሴቶቹም መጥተው ወተወቷት።
«እሺ በይው እንጂ እቴ! ምን ይጎድለዋል? ማኅበርተኛው ጦሙን ሊያድር ነው?»
የጎሹ እናት እትዬ ዘርፌም አብረው ነበሩ። እሳቸው ግን ጥጣቸውን መፍተል ብቻ ያዙ።

የማኅበሩ ዕለት አንጓች በማለዳ መንገድ ዳር ወጣች። የመጀመሪያው ወንድ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛውም አዞረ። ሦስተኛው ሲያዞር ነገሩ ገባት። ጎሹ አጥሩን ተደግፎ ፈገግ ይላል።
«እሺ በይኝና አሁኑኑ ልባርክልሽ።»

አንጓች ዶሮውን አየችው። ዶሮውም አያት። ከዚያም መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ በአንድ ጊዜ ቆረጠችው! ጎሹ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ወጡ ቀላ ብሎ ቀረበ። ገና ሊቆርሱ ሲሉ ጎሹ እያለከለከ ገባ።
«እንዳትነኩት! ራሷ ናት ያረደችው! እርም ነው!»

እጅ ሁሉ ከመሶቡ ተሰበሰበ።  አንጓች ግን ተነሥታ ቆመችና፦
«አዎ፣ እኔ ነኝ። የሥላሴን ስም ጠርቼ ባረክሁት። የፈራ አይብላ። እኔ እበላለሁ። ባልም አላገባም!» አለች።

 ይኼኔ እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ዘረጉና ፈረሰኛውን አንሥተው ጎረሱት!

ጎሹ፦ «እማዬ! ምን ማድረግሽ ነው?» አለ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት አላምጠው ሲጨርሱ። «አባትህ ደም ሲያይ ይወድቅ ነበር። አንድ ፋሲካ ከዶሮው ቀድሞ እሱ ተዘረረ። ከዚያ ወዲህ እኔ ከጓሮ አርዳለሁና እሱ ደም የነካውን ቢላዋ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በፊት በር ይወጣል። ሠላሳ ዓመት! አንተም ያደግኸው በእኔ ቢላዋ ነው። እርም ከሆነማ አንተ ከአናትህ እስከ እግርህ እርም ነህ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷማ ወጡ ትን ብሏት ጀርባዋን ሲደልቁላት ነበር። ሁሉም በሉ። ጎሹ አቀርቅሮ ሊወጣ ሲል አንጓች ጠራችው።
«ቆይ እንጂ ጎረቤቴ፣ ጦምህን አትሂድ» አለችና የዶሮውን አንገት አቀረበችለት።
በላዋ! ምን ያድርግ፣ ተርቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በበዓል መንገድ ዳር ዶሮ ታቅፋ የምትቆም ሴት አልታየችም። ወንዶቹ ናቸው እንግዲህ በየደጁ እያለፉ፦ «የሚባረክ የለም?» የሚሉት። ሴቶቹም ከውስጥ፦ «ታርዷል፣ እለፍ!»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዶሮ ወጥ አርሱ። አንገቱን ለጎሹ፣ ፈረሰኛውን ወዲህ!